ትምህርት መድኃኒት ይሆናል ወይ? ዩኒቨርሲቲዎች በዕጣ የሚፈትኑት ትምህርት

በወረታ ወይም በአንበሳሜ አንድ ጠዋት ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ባለሙያዎች ወደ ቀበሌያችሁ ገብተው፣ «ስለ አንድ በሽታ ልናስተምር መጥተናል፤ ነገር ግን ዕጣ እናወጣለን። ዕጣ የወጣለት ዛሬ ይማራል፣ ያልወጣለት ደግሞ አንድ ዓመት ይጠብቃል» ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ብዙዎቻችን ቅር ይለናል። ጠቃሚ ትምህርት ከሆነ ለምን ለሁላችንም አይሰጠንም? የማይጠቅም ከሆነስ ለምን ጊዜያችንን ያባክናሉ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ስለሆነ፣ በአገራችን ከተደረጉ እውነተኛ ሙከራዎች ጋር እያያያዝን እንመልከተው።

የፎገራና የደራ ሰው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪና ተመራማሪ እንግዳ አይደለም። በአንድ በኩል ባሕር ዳር፣ በሌላው ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጎንደር አለ። የጎንደሩ ተቋም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት ምክንያቱ ከፎገራ ብዙም በማይርቀው በደምቢያ ሜዳ ከአንድ ዓመት በፊት የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ ሰባት ሺህ ያህል ሰው እንደሞተበት ይነገራል። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የንጽሕና ባለሙያዎች ሥራቸው መርፌ መውጋት ብቻ አልነበረም፤ ማስተማርም ነበር። የማስተማሩ ውጤት ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ክኒን ተመዝኖ አያውቅም ነበር። «ይህን ያህል ሰው ተማረ» ተብሎ ሪፖርት ከተጻፈ ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር።

እንግዲህ ትምህርትን መመዘን ማለት ምን ማለት ነው? መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው አንድ ጥሩ ምሳሌ አያጣም። ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ የንጉሡን መብል ትተው ጥራጥሬና ውኃ እንዲሰጣቸው ሲጠይቁ፣ ለአሥር ቀን ፈትነን፣ ከዚያም ፊታችንን ከሌሎቹ ብላቴኖች ፊት ጋር አስተያይ ብለው ነበር። በዚህ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የተወሰነ ጊዜ፣ የሚነጻጸር ሌላ ቡድን፣ አስቀድሞ ስምምነት የተደረሰበት መለኪያ። ዛሬም የሕክምና ሙከራ አጥንቱ ይኸው ነው። የጎደለው ዕጣ ብቻ ነው። ጥራጥሬውን የመረጡት ራሳቸው አራቱ ስለነበሩ፣ ተጠራጣሪ ሰው «ልዩነቱ ከመብሉ ሳይሆን ከሰዎቹ ነው» ሊል ይችላል። (እኛ የምናምን ሰዎች ልዩነቱ ከማን እንደመጣ እናውቃለን፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ዕጣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የጤና ትምህርት ሲጠራ ፈጥኖ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ትጉው፣ ጫማ የመግዛት አቅም ያለው፣ ጤና ጣቢያ የቀረበው ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ባይማርም ከሌላው ይልቅ ሊሻለው ይችላል። ስለዚህ ፈቅደው የመጡትን ከቀሩት ጋር ማወዳደር ያሳስታል። በዕጣ ሲከፈል ግን ትጉውም ሰነፉም፣ ሀብታሙም ድሃውም በሁለቱም ወገን ይደባለቃል፤ በመጨረሻ የሚታየውን ልዩነት ያመጣው ትምህርቱ ነው ለማለት ይቻላል። ዕቁብ የሚጥል ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዕጣ ያልወጣለት ሰው ገንዘቡን አልተቀማም፤ ተራው አልደረሰም እንጂ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሙከራ በሰፊው ላነሳው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያንን በቀጥታ የሚነካ ነው። በሕዝባችን ዘንድ «ዝሆኔ» የሚባለውን የእግር እብጠት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንዱ ዓይነት በወባ ትንኝ ዘመዶች የሚተላለፍ ሲሆን፣ በደጋውና በወይናደጋው የሚበዛው ግን ከአፈር የሚመጣው ነው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው የሚያያዘው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተፈጠረ ቀይ አፈር ጋር መሆኑን አሳዩ። በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች ይገቡና የሰውነት ፈሳሽ የሚመለስባቸውን ቱቦዎች ያቆስላሉ፤ እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ይሸታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወላይታ ሰዎች ላይ የተደረገ የዘር ጥናት ደግሞ አንዳንድ ቤተሰብ ለበሽታው የበለጠ ተጋላጭ ሆኖ እንደሚወለድ አረጋገጠ። ስለዚህ በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሲታመም ተላላፊ ይመስላል እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 በ659 ወረዳዎች በተደረገው አገር አቀፍ ቆጠራ ከተመረመሩት መካከል ከመቶ 4ቱ ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል፤ በአማራ ክልልም ቁጥሩ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። በመላ አገሪቱ ሚሊዮን ተኩል ያህል አዋቂዎች እንደሚታመሙ ተገምቷል። እነዚህ ሰዎች ከትምህርት ቤት፣ ከዕድር፣ ከጋብቻ፣ አዎን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወንበርም ሲገለሉ መኖራቸው በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ ግን እውነት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በወላይታ ሶዶ ለብዙ ዘመን ያገለገሉት ሚስዮናዊው ሐኪም ናታን ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለእነዚሁ ታማሚዎች እግር ማጠብን፣ ቅባት መቀባትን፣ ማሰርንና ጫማ መልበስን የሚያስተምር ሥራ ጀምረዋል። ሥራው ብዙ ሰዎችን እንደረዳ ያዩ ሁሉ ይመሰክሩ ነበር። ምስክርነት ግን ማስረጃ ለሚጠይቅ የጤና ባለሥልጣን አይበቃውም።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ ብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በምሥራቅ ጎጃም ጉዳዩን ፈተኑት። 696 ታማሚዎች በዕጣ ተከፈሉ። 350ዎቹ ወዲያውኑ የእግር አጠባበቅ ተማሩ፤ እግርን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። 346ቱ ደግሞ ይህንኑ ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። የተመዘነው የእግሩ ውፍረት ብቻ አልነበረም። ዋናው መለኪያ ታማሚውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለው አልጋ ላይ የሚጥለው፣ እርሻና ገበያ የሚያስቀረው ድንገተኛ የእግር መቃጠል በዓመት ስንት ጊዜ ይነሣል የሚለው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ባልተማሩት ዘንድ ይህ ሕመም ለአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲነሣ፣ በተማሩት ዘንድ 19.4 ጊዜ ሆነ። ከአምስት አንድ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ቁጥሩን በጥንቃቄ አንብቡት። በአንድ ወገን እውነተኛ ዕረፍት ነው፤ በዓመት አራትና አምስት ጊዜ ከአልጋ መዳን ለገበሬ ቤት ትልቅ ነገር ነው። በሌላ ወገን ግን የተማረውም ሰው በየወሩ ከአንድ ጊዜ በላይ ይታመማል። «ትምህርቱ ይፈውሳል» ብሎ የሚያውጅ ሰው ከዚህ ቁጥር በላይ ተናግሯል፤ «ዋጋ የለውም» የሚልም እንዲሁ ተሳስቷል። የሕክምና ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው ውጤት እንዲህ ያለ ነው፤ ለመድረክ ምስክርነት አይመችም።

የፎገራ ሜዳ አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ ይህ በሽታ የሚበዛው በከፍታው ቀይ አፈር ላይ ነው። ሆኖም በርብና በጉማራ ዳር በሩዝ ማሳ ጭቃ ውስጥ ሲውል ጫማ የማያደርግ ሰው በሌላም መንገድ እግሩን ይጎዳልና፣ ምሥራቅ ጎጃም የተገኘው ትምህርት ለእናንተም ሩቅ አይደለም።

ወደ ተማሪዎች እንለፍ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የሆላንዱ ማስትሪክት ተመራማሪዎች በትግራይ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 15 ዓመት በሆነ 367 ልጆች ላይ የሠሩት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በዕጣ አንዳንዶቹ ቤተሰቦች እጅ በሳሙና መታጠብን ተማሩ፤ ሳሙናም ተሰጣቸው። የሌሎቹ ልጆች ጥፍር በየሳምንቱ ተቆረጠ፤ ሁለቱንም ያገኙ ነበሩ፣ አንዱንም ያላገኙ ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ እጅ እንዲታጠቡ ከተደረጉት ከመቶ 14ቱ የአንጀት ጥገኛ ተሐዋስያን ሲገኙባቸው፣ ካልተደረጉት ግን በ29ኙ ተገኙ። በጥፍር ቆረጣውም ልዩነቱ 17 ለ26 ነበር። መቀስ ስንት ብር ነው?

ሁሉም ግን እንዲህ ደስ አያሰኝም። በዋግ ኽምራ፣ በሰቆጣ ዙሪያ፣ በጋዝጊብላና በደሃና ወረዳዎች፣ በአሜሪካው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ሳን ፍራንሲስኮ) መሪነት የተካሄደ ትልቅ ሙከራ ነበር። ስሙም «ውኃ» ይባል ነበር። 40 መንደሮች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለ20ዎቹ የውኃ ነጥብ ተሠራላቸው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ፊት መታጠብን የሚያስተምሩ ሠራተኞች ተመደቡላቸው፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የንጽሕና ትምህርት ተሰጠ። ዓላማው ትራኮማን የሚያመጣውን ተሐዋስ ከትንንሽ ልጆች ዓይን መቀነስ ነበር። ከሦስት ዓመት ክትትል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ውጤት፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ተሐዋሱን በመቀነስ ረገድ ልዩነት አልተገኘም።

የደቡብ ጎንደር ሰው ትራኮማን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ በክልሉ በተደረጉት የ«ማልትራ» ሳምንቶች መድኃኒቱን ተሰልፋችሁ የወሰዳችሁ ብዙዎች ናችሁ። ታዲያ ፊት መታጠብ ከንቱ ነው? እኔ ከዚህ ሙከራ ያንን አላነብም። የማነበው፣ በሽታው እጅግ በበዛበት ቦታ ሦስት ዓመት ማስተማርና ውኃ ማቅረብ ብቻውን መድኃኒቱን ሊተካ እንደማይችል ነው። ይህን ማወቅ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ገንዘብና ጉልበት ወዴት መሄድ እንዳለበት ይነግራልና። ባይሳካም ውጤቱን ያልደበቁት ተመራማሪዎች ሊመሰገኑ ይገባል።

በጅማም የስኳር ሕመምተኞችን ለወራት በነርሶች ያስተማረ ሙከራ ነበር፤ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ተሳትፈውበታል። የተማሩት ስለ በሽታው ያላቸው ዕውቀት ጨመረ፣ በአመጋገብና በእግር አጠባበቅ በኩልም ተሻሉ። የወራት አማካይ የደም ስኳራቸው ሲለካ ግን ከሌሎቹ ጋር የሚያስተማምን ልዩነት አልነበረውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በመድኃኒት ሙከራ ለአንዱ እውነተኛው ክኒን፣ ለሌላው መልኩ የሚመስል ባዶ ክኒን ይሰጣል፤ ማን ምን እንደወሰደ አይታወቅም። ትምህርት ግን አይደበቅም፤ የተማረ ሰው መማሩን ያውቃል። (ባዶ ትምህርትማ ሞልቷል የምትሉኝ አላችሁ፤ ሰምቻለሁ።) በአገራችን ደግሞ ይሉኝታ አለ። ላስተማረው ሰው «አልተሻለኝም» ብሎ ፊት ለፊት መናገር የሚከብደው ብዙ ነው። ስለዚህ ታማሚው በአፉ የሚናገረው ውጤት ከይሉኝታ ነጻ መሆኑ ያጠራጥራል፤ የምሥራቅ ጎጃሙ ሙከራም ቢሆን ሕመሙ መነሣቱን በመጀመሪያ የሚያውቀው ራሱ ታማሚው ስለነበር ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። የሰገራና የደም ምርመራ ግን ይሉኝታ አያውቅም። በጅማ ዕውቀቱ ጨምሮ የወራት አማካይ ስኳሩ አለመለየቱ ያሳሰበኝም ለዚህ ነው፤ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ በሰውነት ላይ መታየቱ ሌላ።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ይተርፋል። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ንጽሕና ስንት ሥልጠና ተሰጥቷል! በሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው የሠልጣኙ ቁጥር፣ የቀኑ ብዛትና የሻይው ወጪ ነው። ከሥልጠናው በኋላ ምን ተለወጠ ብሎ ከስድስት ወር በኋላ የሚመለስ ሰው ግን ብርቅ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ባለሙያዎቹ በራችሁን ሲያንኳኩ ምን ትጠይቃላችሁ? ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደመጡና የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያውቃቸው እንደሆነ ጠይቁ። ሙከራው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ወረቀቱን አሳዩን ማለት መብታችሁ ነው፣ ነውር የለውም። መግባት በፈቃድ ነው፤ እምቢ ያለ ሰው ወይም ጀምሮ የተወ ሰው በጤና ጣቢያ የሚገባውን ሕክምና አያጣም። ልጅ ሲሆን ወላጅ ይፈቅዳል፣ ነገሩን ለመረዳት የደረሰ ልጅም ራሱ ይጠየቃል። ማንበብ ለማይችል ሰው በቋንቋው ይነበብለታል። ስለ ዕጣውም በግልጽ ጠይቁ፤ ያልወጣለት ሰው በመካከሉ ቢታመም ማን ያክመዋል? ሙከራው ሲያልቅ ትምህርቱ ይሰጠዋል ወይ? መቼ? በምሥራቅ ጎጃም የነበሩት 346 ታማሚዎች የተነገራቸው ቀን ተቆርጦ ነበር፤ 12 ወር።

በመጨረሻም ውጤቱ ሲወጣ ተመልሰው ለቀበሌው ይነግሩ እንደሆነ ጠይቋቸው። ብዙ ጊዜ ውጤቱ የሚታተመው በእንግሊዝኛ መጽሔት ነው፤ ደሙን የሰጠው ገበሬ ግን ከወረታ ገበያ ሲመለስ እሱን አያነብም።