ከአላይመንት በኋላ መሪው ሲያጋድል፦ መንስኤውና ትክክለኛው መፍትሔ

አንድ ባለንብረት የተሽከርካሪውን ጎማዎች አላይመንት አስደርጎና የአገልግሎቱን ዋጋ ከፍሎ ከጋራዥ ከወጣ በኋላ፣ በቀጥተኛ መንገድ ላይ ሲያሽከረክር መሪው ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ሊያገኘው ይችላል። ተሽከርካሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መሪው ግን ቀጥ አላለም። ብዙ አሽከርካሪዎች ይህን እንደ ቀላል ጉድለት ቆጥረው ይለምዱታል። አንዳንዶች ደግሞ መሪው ተፈትቶ ቀጥ ብሎ እንዲገጠም ያደርጋሉ። ሁለቱም ትክክለኛ አካሄድ አይደሉም። ከአላይመንት በኋላ ያጋደለ መሪ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው በሚገባ አለመጠናቀቁን የሚያመለክት ሲሆን፣ መፍትሔውም ጎማዎቹን እንደገና በማስተካከል የሚገኝ ነው።

መሪው የሚያጋድልበት ምክንያት

በአላይመንት ወቅት ከሚስተካከሉት ልኮች መካከል የመሪውን አቀማመጥ በቀጥታ የሚነካው ቶ የሚባለው ነው። ቶ ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ የፊት ጫፋቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነበለበት መጠን ነው። ይህ ልክ በአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች የሚስተካከለው በግራና በቀኝ የሚገኙትን፣ የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ጎማ የሚያደርሱ ታይሮዶች በማስረዘም ወይም በማሳጠር ነው።

ባለሙያው የሁለቱን ጎማዎች ድምር ቶ ትክክለኛ ቢያደርገውም፣ ማስተካከያውን በአንድ ወገን ብቻ ከሠራው ወይም መሪውን መሀል ላይ ሳያስር ከጀመረ፣ ጎማዎቹ እርስ በርስ ተስማምተው መሪው ግን አጋድሎ ይቀራል። በብዙ አውቶሞቢሎች ጎማው አንድ ዲግሪ እንዲዞር መሪው ከ12 እስከ 20 ዲግሪ ያህል መዞር ስላለበት፣ በጎማው በኩል ያለች የግማሽ ዲግሪ ልዩነት በመሪው ላይ ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ሆና ትታያለች።

ሁለተኛው ምክንያት የኋላ ጎማዎች ናቸው። የኋላ ጎማዎች ወደ አንድ ጎን ካመለከቱ ተሽከርካሪውን ከኋላ ወደዚያ ይገፉታል። አሽከርካሪውም ቀጥ ብሎ ለመሄድ መሪውን በጥቂቱ አዙሮ ለመያዝ ይገደዳል። የፊት ጎማዎች ብቻ ተለክተው የተሠራ አላይመንት ይህን ችግር አያሳይም። ስለሆነም የአራቱም ጎማዎች ልኬት እንዲወሰድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የተበላ ቴስቲና፣ የላላ ኩሽኔታ ወይም የተጣመመ የእግር አካል ነው። ልቅነት ባለው አካል ላይ የተሠራ አላይመንት ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ሊዛባ ይችላል።

ያጋደለ መሪና ወደ ጎን የሚስብ ተሽከርካሪ

እነዚህ ሁለት ችግሮች የተለያዩ ስለሆኑ ባለንብረቱ ወደ ጋራዥ ከመመለሱ በፊት ሊለያቸው ይገባል። አስቀድሞ የጎማዎቹ ነፋስ አምራቹ በወሰነው መጠን መሆኑ ይረጋገጣል፤ ይህም መጠን በብዙ ተሽከርካሪዎች በሹፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው ምልክት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቀጥሎ ተሽከርካሪው ሌላ ትራፊክ በሌለበት፣ ወደ ጎን ባላዘነበለ ቀጥተኛ መንገድ ላይ በዝግታ ይነዳል። መሪው ሳይለቀቅ በቀላሉ ሲያዝ ተሽከርካሪው አቅጣጫውን ጠብቆ ከሄደና መሪው ብቻ ካጋደለ፣ ችግሩ የመሪው መሀል አለመስተካከል ነው። መሪው ቀጥ ተደርጎ ሲያዝ ተሽከርካሪው ወደ አንድ ጎን መሄዱም የዚሁ ችግር ምልክት ነው። መሪው እጅን ያለማቋረጥ ወደ አንድ ወገን ከተጫነ ግን የጎማ፣ የፍሬን ወይም የሌላ አካል ችግር ሊኖር ይችላል። የፊት ጎማዎች ቦታ ሲለዋወጥ ስበቱ ወደ ሌላኛው ወገን ከተዛወረ፣ ምክንያቱ ከጎማዎቹ አንዱ ነው።

መንገዶች የዝናብ ውኃ እንዲወርድ ወደ ዳር ዝቅ ተደርገው ይሠራሉ። በቀኝ በኩል በሚነዳባት በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ማዘንበሉ ከዚህ ሊመጣ ስለሚችል፣ ፍተሻው በአንድ መንገድ ላይ ብቻ ተደርጎ መደምደሚያ ላይ ሊደረስ አይገባም።

መሪውን ፈትቶ መግጠም የማይመከርበት ምክንያት

መሪውን ፈትቶ ቀጥ አድርጎ መግጠም ጉድለቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። የመሪው ማርሽ ከመሀሉ እንደራቀ ስለሚቀር፣ ተሽከርካሪው ወደ አንዱ ወገን የሚዞረው ወደ ሌላኛው ከሚዞረው ሊያንስ ይችላል። ኤርባግ ባላቸው ተሽከርካሪዎች ደግሞ መሪውን መፍታት አደገኛ ሥራ ነው። ባትሪው ሳይነቀል የሚደረግ መፍታት ኤርባጉን ሊያፈነዳው፣ ከመሪው ሥር ያለውን ጥምዝ የኤሌክትሪክ ሽቦም ሊበጥሰው ይችላል። ሽቦው ከተበጠሰ ኤርባጉ በአደጋ ጊዜ አይከፈትም። ተሽከርካሪው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠር ሥርዓት ባለበትም የመሪውን አቅጣጫ የሚያነበው መሣሪያ የተሳሳተ መረጃ ሊሰጥ ይችላል።

ትክክለኛው አሠራር

በመጀመሪያ የጎማ ነፋስና የቴስቲናዎች ጥብቀት ይፈተሻል። የኋላ ጎማዎች የሚስተካከሉ ከሆነ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ከዚያም ሞተሩ ተነሥቶ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከተወዘወዘ በኋላ ትክክለኛው መሀል ላይ በመያዣ ይታሰራል። መሪው እንደታሰረ የግራውና የቀኙ ጎማ ቶ ለየብቻ ልኩን እንዲይዝ ይደረጋል። ድምር ቶው ትክክል ሆኖ መሪው ብቻ ካጋደለ፣ አንዱ ታይሮድ ሲረዝም ሌላኛው በዚያው መጠን ያጥራል፤ በዚህም የጎማዎቹ ስምምነት ሳይፈርስ መሪው ወደ መሀሉ ይመለሳል። በመጨረሻም ማጥበቂያ ዳዶዎቹ ይጠብቃሉ፤ ተሽከርካሪውም በመንገድ ላይ ተነድቶ ይፈተሻል። የመሪ አቅጣጫ አንባቢ መሣሪያ ያለው ተሽከርካሪ ከሆነ፣ መሣሪያው በኮምፒውተር ዳግም እንዲስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል።

ከፊት ሙሉ አክስል ባላቸው የገጠር መንገድ ተሽከርካሪዎች ግን መሪው መሀል የሚገባው ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው በሚሄደው ዘንግ አማካይነት ስለሆነ፣ ሥራው ይህን ለሚያውቅ ባለሙያ ሊሰጥ ይገባል።

ከባለንብረቱ የሚጠበቅ

ባለንብረቱ ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ተሽከርካሪውን ከባለሙያው ጋር ነድቶ ቢፈትሽ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተወሰደውን ልኬት የሚያሳይ ወረቀት ቢጠይቅና ደረሰኙን ቢያስቀምጥ፣ ጉድለት ሲገኝ ለማስረዳት ይቀለዋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚያገኘው አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ መሪው ካጋደለ ወደ ሠራው ጋራዥ ሳይዘገዩ መመለስና ሥራው እንዲጠናቀቅ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መሪው ያጋደለው ተሽከርካሪው ጉድጓድ ወይም የመንገድ ጠርዝ ከመታ በኋላ ከሆነ፣ ወይም መሪው ልቅነት ካሳየ፣ እንግዳ ድምፅ ካሰማ ወይም ለማዞር ከከበደ ግን አላይመንት ከመሠራቱ በፊት የመሪና የእግር አካላት መመርመር አለባቸው። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ተሽከርካሪ እስኪመረመር ድረስ ሰው ጭኖ መጓዝ የለበትም። ያለፈው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ውጤት ከዚያ በኋላ ለደረሰ ጉዳት ዋስትና አይሆንም።