የመካኒካል ምሕንድስና ትምህርት ምንድን ነው?

በብዙ ቀበሌ የእህል ወፍጮ አለ። ውኃ በሞተር እየሳቡ መስኖ የሚያጠጡ ገበሬዎችም አሉ። ወፍጮው ሲቆም «መካኒክ ጥሩ!» ይባላል። መካኒኩ መጥቶ ይፈታል፤ ያጠብቃል፤ የተሰበረውን ይለውጣል። ነገር ግን ያው ዕቃ በዓመት ሦስት ጊዜ ቢሰበርስ? ያን ጊዜ «ማን ይጠግነው?» ማለት ብቻ አይበቃም። «ለምን ይሰበራል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ጥያቄ በሒሳብና በሙከራ መመለስ የመካኒካል መሐንዲስ ሥራ ነው።

መካኒክና መካኒካል መሐንዲስ አንድ አይደሉም። መካኒክ የተሠራውን መኪና ያድሳል። መሐንዲስ ደግሞ መኪናው ከመሠራቱ በፊት ብረቱ ምን ያህል ይወፍር፣ ምን ያህል ሸክም ይቻል፣ ስንት ነዳጅ ይብላ ብሎ ያሰላል። አንዱ ያለ ሌላው ሥራው አይቃናም።

ትምህርቱ የት ይሰጣል?

በአገራችን የምሕንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1940ዎቹ ነው። ዛሬ በአምስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ከዚያ የመጣ ነው። በባሕር ዳር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። በመቀሌ፣ በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በአዳማና በሌሎችም ከተሞች ትምህርቱ ይሰጣል።

ተማሪው ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ጨርሶ ብሔራዊውን ፈተና ማለፍ አለበት። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ 5 ዓመት ይፈጃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪው ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና ይወስዳል። «አምስት ዓመት ሙሉ ምን ይማራሉ?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ዋና ዋናዎቹን በምናውቀው ነገር እንመልከት።

ስለ ጉልበትና ስለ ሸክም

በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ፣ ፊዚክስና ቋንቋ ይበዛል። ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበት ይማራሉ። ቀንበርን እንውሰድ። በሁለቱ በሬዎች መካከል ያለው ርቀት 120 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ምራኑ ከመካከል ላይ ቢታሰር ሁለቱ በሬዎች እኩል ይስባሉ። ምራኑ ወደ ብርቱው በሬ ጠጋ ብሎ፣ ከእሱ 50፣ ከደካማው 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢታሰርስ? ሸክሙን ለ12 ብንከፍለው ብርቱው 7ቱን፣ ደካማው 5ቱን እጅ ይይዛል። ብልህ ገበሬ ይህን በልምድ ያውቀዋል። ተማሪው ደግሞ በቁጥር ያሰላዋል። ስሌቱ ለቀንበር ብቻ ሳይሆን ለድልድይም፣ ለክሬንም ይሠራል።

ቀጥሎ ስለ ዕቃ ጥንካሬ ይማራሉ። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠርብ አለን እንበል። በሁለት ድጋፍ ላይ አጋድመን ሸክም ብንጭንበት ቶሎ ይጎብጣል። በጠርዙ አቁመን ብንጭንበት ግን ሳይሰበር ሁለት እጥፍ ይሸከማል። እንጨቱ ያው ነው፤ አቀማመጡ ብቻ ተለወጠ። ለጣሪያ የሚሆን አግዳሚ በጠርዙ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ስለ ሽክርክሪት

የወፍጮ ሞተር ጉልበቱን ለወፍጮው የሚያደርሰው በቺንጋ ነው። በሞተሩ ላይ ያለው ፑሊ ስፋቱ 10፣ በወፍጮው ላይ ያለው 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ሲዞር ወፍጮው አንድ ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ቢዞር ወፍጮው 500 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

አንድ ሰው «ቶሎ ይፍጭልኝ» ብሎ የሞተሩን ፑሊ በ15 ሳንቲ ሜትር ቢለውጠው ወፍጮው 750 ጊዜ መዞር ይጀምራል። ለዚህ ፍጥነት ካልተሠራ ዱቄቱ ይግላል፤ ኩሽኔታውም ይቃጠላል። እንግዲህ በዓመት ሦስት ጊዜ የሚሰበረው ዕቃ ምክንያቱ ይህን የመሰለ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ብቻ እየለወጡ መኖር ገንዘብ መጨረስ ነው።

ስለ ሙቀት

ናፍጣ ሲቃጠል ሙቀት ይሰጣል። ሞተሩ ሙቀቱን ወደ ጉልበት ይለውጣል፤ ግን ሁሉንም አይደለም። 3 ሊትር ናፍጣ ብንሞላ ወፍጮውን የሚያዞረው የ1 ሊትሩ ያህል ነው። የቀረው በጭስ ማውጫውና በማቀዝቀዣው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ይህን ብክነት መቀነስ አንድ ትልቅ የትምህርት ክፍል ነው።

ሌላም ነገር አለ። ናፍጣ ለመቃጠል አየር ይፈልጋል። በደጋ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ 20 የፈረስ ጉልበት የተባለ ሞተር፣ አየር የሚጨምርለት መሣሪያ ከሌለው፣ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 15 ያህል ይወርዳል። ቆላ ውስጥ የበቃ ሞተር ደጋ ላይ ላይበቃ ይችላል።

ስለ ውኃ

ጉድጓድ አፍ ላይ የተቀመጠ መሳቢያ ውኃውን ጎትቶ የሚያወጣው ይመስለናል። እንዲህ አይደለም። መሳቢያው ከቧንቧው ውስጥ አየሩን ያወጣል። በጉድጓዱ ውኃ ላይ የሚጫነው የውጭ አየር ደግሞ ውኃውን ወደ ቧንቧው ይገፋዋል። የአየሩ ግፊት ግን ልክ አለው። በባሕር ወለል ላይ ውኃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ነው የሚገፋው። በ2400 ሜትር ከፍታ 8 ሜትር እንኳ አይሞላም። በሥራ ላይ ከዚህም ያንሳል።

እንግዲህ በደጋ አገር ውኃው 9 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ላይ የተቀመጠ መሳቢያ አንድ ጠብታ አያወጣም። ሞተሩ ቢተልቅም ለውጥ የለም። ይህን ሳያውቁ ገንዘብ አዋጥተው መሳቢያ የሚገዙ ሰዎች ከንቱ ይከስራሉ። መፍትሔው ከውኃው ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ የሚገፋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሳቢያ ነው።

አደራ! በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ወደ ጉድጓድ ውስጥ አታውርዱ። ጭሱ በጉድጓዱ ውስጥ ይታመቃል። ለመጠገን የገባውን ሰው ሳያስነጥስ ሳያስል ይገድለዋል።

በእጅ የሚሠራ ትምህርት

ትምህርቱ በደብተር ብቻ አይደለም። ተማሪዎች ብረት በቶርኖ ይቆርጣሉ፤ ብየዳ ይማራሉ። የመኪና ዕቃ በእጅና በኮምፒዩተር ይነድፋሉ። ከመመረቃቸው በፊት ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ድርጅት ሄደው ለጥቂት ወራት ሥራ ይለማመዳሉ። በመጨረሻው ዓመት አንድ ችግር መርጠው፣ አጥንተውና ነድፈው በመምህራን ፊት ያስረዳሉ።

ወላጅ ምን ይወቅ?

ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በትምህርት ቤቱ አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅም በመጀመሪያው ዓመት ሊከብደው ይችላል። ዝቅተኛ ውጤት ቢያመጣ «አልቻለም፣ ይመለስ» ብላችሁ አትቸኩሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል።

ወጪውንም እወቁ። በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት የሚባል አሠራር ተጀምሯል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ውል ይፈርማል። ከተመረቀ በኋላም ሥራ ሲይዝ ድርሻውን ይከፍላል። ስለዚህ ልጃችሁ የሚፈርመውን ወረቀት አንብቡት። ማንበብ የተማራችሁት ለዚህም ነው።

ዲግሪ ሥራን በእጅ አያስጨብጥም። ተመርቀው ሥራ ለማግኘት ብዙ ወራት የሚጠብቁ አሉ። በስኳር፣ በሲሚንቶና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች፣ በኤሌክትሪክ ማመንጫና በአውሮፕላን ጥገና የሚሠሩም አሉ። በወርክሾፕ እጁን ያፍታታ ይሻለዋል። ዐሥራ ሁለተኛን ላላለፈ ልጅም የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት አለ። ጥሩ መካኒክ መሆን ውርደት አይደለም።

«ይህ የወንድ ሥራ ነው» የሚሉም አይጠፉም። ከላይ ያየነው ሥራ ስሌት፣ ንድፍና ማስተዋል ነው። ለስሌት ሴትና ወንድ የለውም። ሴት ልጃችሁ ሒሳብ ከወደደች ውኃ መቅዳቱን ከወንድሟ ጋር አካፍሏትና የጥናት ጊዜ ስጧት። ውኃ ቀድታ የምታውቅ ልጅ የውኃ መሳቢያ ጥቅሙ አይጠፋትም።

ጥያቄዎች

1. በመካኒክና በመካኒካል መሐንዲስ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. የሞተሩ ፑሊ 10፣ የወፍጮው 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሞተሩም በደቂቃ 1200 ጊዜ ቢዞር፣ ወፍጮው ስንት ጊዜ ይዞራል?
3. በቀበሌያችሁ የጉድጓድ ውኃ ስንት ሜትር ላይ ይገኛል? ላይ የሚቀመጥ መሳቢያ ያወጣዋል? ተወያዩበት።
4. የናፍጣ ሞተር ወደ ጉድጓድ ማውረድ ለምን ያስፈራል? ላልሰማ ጎረቤት አስረዱ።