የከሰረ ሰው ፋይል በእንግሊዝ አገር እንዴት ይመረመራል?

በእንግሊዝና በዌልስ የግለሰብ ኪሳራ የሚመራው በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣው የኪሳራ ሕግ ነው። ባለዕዳው ራሱ በኢንተርኔት ያመለክታል፤ ቢያንስ 5,000 ፓውንድ የሚጠይቅ አበዳሪም ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያስወስንበት ይችላል። ቀለል ያሉ መንገዶችም አሉ። በድምፅ ከሚሳተፉት አበዳሪዎች በገንዘብ መጠን 75 በመቶ የያዙት ከተስማሙ ዕዳውን በስምምነት መክፈል ይቻላል። ዕዳው ከ50,000 ፓውንድ ያልበለጠና ይህ ነው የሚባል ንብረት የሌለው ሰው ደግሞ የዕዳ ማቃለያ ትእዛዝ መጠየቅ ይችላል።

ኪሳራው ሲታወጅ ፋይሉን መጀመሪያ የሚይዘው ኦፊሻል ሪሲቨር የሚባለው የመንግሥት ሹም ነው። የሚሸጥ ንብረት ወይም ጠለቅ ያለ ምርመራ ሲኖር ፈቃድ ያለው የግል አጣሪ ባለአደራ ሆኖ ይሾማል።

የአጣሪው ሥራ ከሽያጭ ይልቅ ንባብ ይበዛዋል። የባንክ ስቴትመንት፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የቤት ባለቤትነት መዝገብ እያገላበጠ ወደ ኋላ ይሄዳል። በስጦታ ወይም ከዋጋው በታች የተላለፈ ንብረት እስከ 5 ዓመት ወደ ኋላ ሊመረመር ይችላል። ባለዕዳው አንዱን አበዳሪ ለመጥቀም አስቦ አስቀድሞ ከከፈለ፣ ክፍያው በ6 ወር ውስጥ፣ ተከፋዩ ዘመድ ከሆነም በ2 ዓመት ውስጥ ከተደረገ ሊሻር ይችላል።

ይህ የለንደን ሐበሾችን በቀጥታ ይነካል። እኛ ዘንድ የወንድም ብድር ከባንክ ዕዳ ይቀድማል፤ ያለ ወረቀት ይወሰዳል፣ ያለ ወረቀት ይመለሳል። እቁብም ከራሱ ደብተር በቀር ወረቀት የለውም። ስቴትመንቱ የሚያሳየው በየወሩ ለአንድ ግለሰብ የሚሄድ ገንዘብና አንድ ቀን በድንገት የገባ ብዙ ሺህ ፓውንድ ብቻ ነው። እጣው ሳይወጣለት የከሰረ ሰው የከፈለው ገንዘብ እንደ ንብረቱ ሊቆጠር ይችላል፤ ከወጣለት ግን የቀረው ዙር ዕዳው ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው የእቁቡ ጸሐፊ ደብተር ነው። አጣሪው ደብተሩን ካልጠየቀ፣ ወይም ጠይቆ መልሱን ካልመዘገበ፣ ታማኝ እቁብተኛ ገንዘብ ደባቂ መስሎ ይቀራል። እንዲህ ያለ በደል ሲደርስ ማየት ያሳዝናል፤ አንድ ገጽ ማስታወሻ ያስቀረው ነበርና።

ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ የተደረገው ብቻ ሳይሆን ያልተደረገውም ከነምክንያቱ መጻፍ አለበት። ክስ ያልተመሠረተው ወጪው ከሚገኘው ገንዘብ ስለሚበልጥ ከሆነ፣ ስሌቱ ይቀመጥ። አበዳሪዎች ስለ አገልግሎት ክፍያው ሲጠይቁ፣ ተቆጣጣሪው ሲመጣ፣ ወይም ጉዳዩ ወደ ሌላ አጣሪ ሲዛወር መልስ የሚሰጠው ይኸው ወረቀት ነው።

ባለዕዳው በተለመደው አሠራር በ1 ዓመት ውስጥ ነፃ ይወጣል፤ ካልተባበረ ግን ጊዜው ሊታገድበት ይችላል። አስነዋሪ ድርጊት ከተገኘበት ከ2 እስከ 15 ዓመት የሚቆይ ገደብ ሊጣልበት ይችላል።

ከሁሉም የሚያስጨንቀው የመኖሪያ ቤቱ ነው። የትዳር ጓደኛና ልጆች ካሉ ፍርድ ቤቱ የእነሱንም ችግር ይመዝናል፤ ንብረቱ በባለአደራው እጅ ከገባ 1 ዓመት ካለፈ በኋላ ግን፣ ልዩ ሁኔታ ከሌለ፣ የአበዳሪዎች ጥቅም ይበልጣል። ባለአደራው 3 ዓመት ሙሉ ምንም እርምጃ ካልወሰደ ደግሞ የባለዕዳው ድርሻ ለራሱ ለባለዕዳው ይመለሳል። የ3 ዓመቱ ማብቂያ ቀን በፋይሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ ለቤተሰቡም በጊዜው ሊነገር ይገባል።