ወደ ጉደር በምን? በየት በኩል?

ከውጭ አገር የመጡ ዘመዶች ልጆቻቸውን ይዘው ጉደር ድረስ ሲዘልቁ፣ የቤቱ አስተርጓሚ ማን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ የእርስዎ ልጅ ነው። «ባስ»ም «ሮድ»ም አይጠፉትም። የሚያደናቅፉት ትንንሾቹ መስተዋድዶች ናቸው።

አይፍረዱበት። የእኛዋ «በ» ብዙ ትሸከማለች። «በአውቶቡስ፣ በአምቦ በኩል፣ በሁለት ሰዓት» ስንል ሦስቱንም ቦታ የያዘችው እሷ ነች። እንግሊዝኛ ግን ለመጓጓዣው «ባይ»፣ ለሚታለፍበት ከተማ «ስሩ»፣ ለሰዓቱ «አት» ይላል። ልጅዎ «ባይ አምቦ» ካለ፣ እንግዳው «አምቦ አጠገብ» ብሎ ይሰማዋል። ጉደር ደግሞ ከአምቦ አልፎ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እንግዳው አምቦ ላይ ቢወርድ ማን ይፈረድበታል? ቤት ውስጥ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ ፈተናው ይጨምራል፤ እኛ ከስሙ ፊት የምናስቀድመውን ኦሮምኛ ብዙ ጊዜ ከስሙ ኋላ ይቀጥለዋል።

ሰዓት ላይ ሲደረስ ይብሳል። ማታ ስለ ነገው ጉዞ «መኪናው በሁለት ሰዓት ይነሳል» የሚለውን «ኢን ቱ አወርስ» ብሎ ከተረጎመው፣ እንግዳው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለት ሰዓት ቆጥሮ ሻንጣውን ያነሳል። «አት ቱ» ቢልም አልዳነም። የእነሱ ሰዓት ከእኛ በስድስት ስለሚለይ፣ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት «አት ኤይት» ነው።

«እስከ»ም እንዲሁ ሁለት ፊት አላት። «እስከ ሰኞ እቆያለሁ» ሲሆን «አንቲል መንደይ»፣ «እስከ ሰኞ እመጣለሁ» ሲሆን ግን «ባይ መንደይ»። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና እንዲህ ያሉትን ቃላት አልንቅም፤ «እስከ 50 በመቶ ቅናሽ» በሚለው ማስታወቂያ ውስጥ ገንዘብዎ ያለው «እስከ» ላይ ነው።

ልጁን ሕግ ከማሸምደድ ይልቅ በመንገድ ላይ በአማርኛ ይጠይቁት። በምን? «ባይ ባስ»። በእግር ከሆነ «ኦን ፉት»። በየት በኩል? «ስሩ አምቦ»። ወዴት? «ቱ ጉደር»። መንገድ ሲጠይቅም «ሃው ዱ አይ ጌት ቱ ጉደር?» ይበል። «አራይቭ» የሚለውን ከመረጠ ግን «ቱ» አይከተለውም፤ «አራይቭ ኢን ጉደር» ነው። ውስጡ ቆመው በሚራመዱበት ትልቅ አውቶቡስ ላይ ሲሆኑ «ኦን ዘ ባስ»፣ ጎንበስ ብለው በሚገቡበት ባጃጅ ውስጥ ደግሞ «ኢን ኤ ባጃጅ»።

ማታ «ወደ ቤት እንሂድ» ሲባል ብቻ ምንም አይጨምር፤ «ጎ ሆም» ነው፣ ያለ «ቱ»።