የላንድ ክሩዘር 70 የቤት ጥገናና ማሻሻያ

የላንድ ክሩዘር 70 የቤት ጥገናና ማሻሻያ ማለት የዚህ መኪና ባለቤት ራሱ በግቢው ውስጥ፣ በተራ የእጅ መሣሪያ የሚያከናውነው ሥራ ነው። ጥገና መኪናው እንደተሠራው ሆኖ እንዲቀጥል ያደርጋል፤ ማሻሻያ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረውን ይጨምራል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይታሰባሉ፤ ይሁን እንጂ በአሮጌ መኪና ላይ የማሻሻያው ውጤት የሚወሰነው አስቀድሞ በተደረገው ጥገና ነው። ባረጀ ኩሽኔታ ላይ ትልቅ ጎማ የሚያስር ሰው ኩሽኔታውን ቶሎ ይጨርሰዋል።

አጭር ታሪክ

ቶዮታ ይህን ተከታታይ በኖቬምበር 1984 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ከ1960 ጀምሮ ሲሠራ የቆየውን 40 ተከታታይ እንዲተካ ነው። አካሉ ከታች ካለው የብረት ሻንሲ የተለየ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል አለው። ከባድ ዓይነቶቹ ሁሉ በአራቱም ጎን በባሌስትራ ላይ ይቀመጡ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. በተደረገው ለውጥ የፊቱ ባሌስትራ በሞላ ተተካ፤ የኋላው ግን ባሌስትራ ሆኖ ቀረ። በኢትዮጵያ ሃርድ ቶፕ የሚባለው ባለ ረጅም አካል ዓይነት በአምቡላንስነትና በእርዳታ ድርጅቶች መኪናነት በሰፊው ይታወቃል። ስለዚህ በግለሰብ እጅ የሚገኝ አሮጌ መኪና ብዙ የፒስታ መንገድ ያየ እንደሆነ አስቦ መነሣት ይሻላል።

ሞተሩ

በዚህ መኪና ላይ በብዛት የሚገኘው ሞተር 1ኤችዜድ የሚባለው ናፍጣ ሞተር ነው። በጃንዋሪ 1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን በአንድ መስመር የተደረደሩ 6 ሲሊንደሮች አሉት፤ ጠቅላላ ይዘቱም 4,164 ሲሲ ነው። ቱርቦ የለውም፤ ሥራውን የሚቆጣጠር ኮምፒውተርም የለውም። ናፍጣውን የሚመጥነው በብረት ጥርስና በሞላ የሚሠራ ፖምፓ ነው። ሞተሩ አንዴ ከተነሣ በኋላ እንዳይጠፋ ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በፖምፓው ላይ ያለው፣ ቁልፉ ሲዘጋ ናፍጣ የሚያቋርጠው ማግኔታዊ ቫልቭ ነው።

በቤት ውስጥ ለመጠገን የሚመቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ብልሽቱን ለማወቅ የመመርመሪያ ኮምፒውተር መሰካት አያስፈልግም። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ካለው አየር በላይ መሆኑን ያሳያል፤ መጀመሪያ የሚታየውም የአየር ማጣሪያው ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ነጭ ጭስ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ያልተቃጠለ ናፍጣ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋና የራዲያተሩ ውኃ እየጎደለ ከሄደ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

የታይሚንግ ቺንጋ። ከሁሉም ጥገና ችላ ሊባል የማይገባው ይህ ነው። ቺንጋው የካምሻፍቱንና የክራንክሻፍቱን ዙር የሚያስማማ ባለ ጥርስ ጎማ ነው። ከተበጠሰ ካምሻፍቱ ይቆማል፤ ክፍት የቀሩትን ቫልቮች ወደ ላይ የሚወጡት ፒስተኖች ይመቷቸዋል። የመጭመቂያ ምጥጥኑ ከ22 ለ1 በላይ በሆነ ሞተር ውስጥ በፒስተኑ ራስና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ቫልቭ የሚሸሸግበት ቦታ የለም። የአንድ ቺንጋ ዋጋ ያልወጣበት መኪና ሙሉ የሞተር እድሳት ይጠይቃል።

በብዙ አገሮች የሚሰጠው መመሪያ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ነው፤ በዳሽቦርዱም ላይ ጊዜው ሲደርስ የሚበራ የቺንጋ መብራት አለ። መብራቱ ግን የቺንጋውን ጤንነት አይለካም፤ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቺንጋው ሳይቀየር መብራቱን ብቻ ማጥፋት ይቻላል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የመብራቱን መጥፋት እንደ ማስረጃ ሊወስደው አይገባም፤ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ጽሑፍ ከሌለ ወዲያው መቀየር ነው። ደግነቱ የቺንጋው ሽፋን ከፊት በኩል በቀላሉ ስለሚደረስበት ሥራው እንደሌሎች ብዙ መኪኖች አያስቸግርም። ምልክቶቹ ከተገጣጠሙና አዲሱ ቺንጋ ከነመወጠሪያው ከታሰረ በኋላ ክራንክሻፍቱን በቁልፍ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹን እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ካምሻፍቱ የሚዞረው በግማሽ ፍጥነት በመሆኑ ሁለቱም ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ከሁለት ዙር በኋላ ነው። በመሐል ጠንካራ ነገር ከተሰማ መግፋት ሳይሆን ማቆም ነው፤ ቫልቭ ፒስተን ነክቶ ሊሆን ይችላል።

ማቀዝቀዣው። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ደግሞ በዚሁ ሙቀት አቅራቢያ ነው የሚሠራው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን በውስጡ የሚይዘው ግፊት ነው። ሞላው የላላ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን በባሕር ዳርቻ ብዙም ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ ደጋ ላይ ግን አቀበት በወጣ ቁጥር ውኃ ያስተፋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል፤ ይህም ሞተሩ ብርድ ላይ ሲሠራ ብዙ ናፍጣ እንዲበላና ቶሎ እንዲያልቅ ከማድረግ በቀር መድኃኒት አይሆንም። ክዳኑን ማየት ይቀድማል። ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊትና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል።

ዘይቱን ከነማጣሪያው አቧራማ መንገድ ላይ በየ5,000 ኪሎ ሜትር መቀየር የተለመደ ነው። ከ9 ሊትር በላይ ስለሚወስድ ማጠራቀሚያው ዕቃ አስቀድሞ ቢለካ ጥሩ ነው። በናፍጣ ማጣሪያው ግርጌ የተጠራቀመ ውኃ በየጊዜው ይለቀቃል፤ ማጣሪያው ከተቀየረ በኋላም በላዩ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠጥር በመጫን አየሩ ይወጣል።

የፊት አክስል

የፊት ጎማዎች እየታጠፉ ኃይል የሚቀበሉት በድፍኑ አክስል ጫፍ ላይ ባለው ክብ የብረት ሉል ውስጥ በሚዞር፣ ብዙ ጊዜ ቢርፊልድ በሚባል መጋጠሚያ አማካይነት ነው። መጋጠሚያው የሚኖረው በወፍራም ግራሶ ውስጥ ነው። ከአክስሉ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው የዘይት ማኅተም ሲያረጅ የዲፈረንሻሉ ቀጭን ዘይት ወደ ግራሶው ይገባና ያቀጥነዋል፤ ጥቁር ጭቃ መሰል ፈሳሽም በሉሉ ዙሪያ ይንጠባጠባል። ከውጭ የሚታየውን ብቻ ጠርጎ መተው ሁለት ጉዳት አለው፤ ዲፈረንሻሉ ዘይት ያጣል፣ መጋጠሚያውም ቅባት ያጣል።

የፊት ጎማ ልል መሆኑን ለማወቅ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለማቆሚያ አልተሠራም፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ሰው የሚገድል ስህተት ነው። ከዚያ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይወዘወዛል። መላወስ ካለ ረዳት ሰው ፍሬን ይረግጣል። ፍሬን ሲያዝ መላወሱ ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ ጎማው ወደ ቀኝና ግራ የሚታጠፍባቸው የሉሉ ኩሽኔታዎች ናቸው። ይህች ቀላል ሙከራ ያለ ምክንያት የሚወጣ ብዙ ገንዘብ ታድናለች።

የጎማውን ኩሽኔታ ለማጥበቅ 54 ሚሊ ሜትር ባለ ስምንት ማዕዘን ቁልፍ ያስፈልጋል። ቁልፉ በሌለበት ዳዶውን በመሮና በመዶሻ እየመቱ ማዞር የተለመደ ቢሆንም ጥብቀቱን ለመለካት አያስችልም፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ይግላል፣ የላላውም ጎማውን ያንገዳግዳል። የፊት ጎማ መቆለፊያው በእጅ የሚዞር ዓይነት ከሆነ በወር አንድ ጊዜ ቆልፎ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት በደረቅ ወቅት ሥራ ፈተው የሚቀመጡት ክፍሎች ዘይት እንዲያገኙ ያደርጋል።

ፍሬን

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ሲጨምር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ በሚወስደው ረጅም ቁልቁለት ላይ ዝቅተኛ ማርሽ ሳያስገባ ፍሬን ብቻ የሚረግጥ ሾፌር ዘይቱን ሊያፈላው ይችላል። በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ሲፈጠር ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ዋጋው ትንሽ ነው።

ማሻሻያዎች

ከፍታ መጨመርና ትልቅ ጎማ። መኪናውን በረጅም ባሌስትራ ወይም ሞላ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ማንሣት ከማሻሻያዎች ሁሉ የተለመደው ነው። ብዙም የማይነገረው ነገር በኋላ አክስሉ ላይ ያለው የፍሬን ግፊት መመጠኛ ነው። ይህ ቫልቭ በዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ ነው፤ መኪናው ሲጫን ሻንሲው ስለሚወርድ ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ የፍሬን ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ሲሆን ይቀንሳል። ሻንሲው በማሻሻያ ከፍ ሲል ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ይመስለዋል። የኋላ ፍሬን ይደክማል፤ ሙሉ ጭነት ላይ የማቆሚያው ርቀት ይረዝማል። ስለዚህ መኪናው በተነሣበት ቀን የዘንጉ ማያያዣም አብሮ መስተካከል አለበት። በሞላ የሚሄደው የፊት አክስልም ሲነሣ የመሪው ማዕዘን ስለሚለወጥ መኪናው በቀጥታ መንገድ ላይ መዋለል ይጀምራል፤ ማስተካከያ ቡሽ ያስፈልገዋል።

ጎማው በዙሪያ 10 በመቶ ከጨመረ ፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳይ መኪናው 88 ላይ ነው። ሞተሩም እንደ ከበደ ማርሽ ይሰማዋል፣ ፍሬኑም ከበፊቱ የበለጠ ይደክማል።

ቱርቦ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከአቅሙ ጥሩ ድርሻ ያጣል፤ ስለዚህ ፍላጎቱ የሚገባ ነው። ይሁንና 1ኤችዜድ ለቱርቦ አልተሠራም። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ባለ ቱርቦ 1ኤችዲቲ ፒስተኖቹን ከሥር በዘይት የሚረጩና የሚያቀዘቅዙ አፍንጫዎች አሉት፤ 1ኤችዜድ የሉትም። ቱርቦ ተጨምሮ ናፍጣው ከተከፈተ ሙቀቱ በፒስተኖቹና በቴስታታው ላይ ይከማቻል፣ ስንጥቅም ይመጣል። የሚገጥም ሰው የጭስ ሙቀት መለኪያ ቀድሞ መግጠም ይኖርበታል፤ መለኪያ ሳይኖር ናፍጣ መጨመር ዓይንን ሸፍኖ መንዳት ነው።

ስኖርክል። የአየር መሳቢያውን ወደ ጣሪያ ከፍታ ያወጣል። ውኃ እንደ አየር ስለማይጨመቅ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ጥቂት ውኃ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል። አቧራ ላይም ጥቅም አለው፤ ከፊተኛው መኪና ጎማ የሚነሣው ዝቅተኛ አቧራ ወደ ማጣሪያው እንዳይገባ ይረዳል። ነገር ግን መጋጠሚያዎቹ በደንብ ካልታሸጉ ጌጥ ብቻ ነው።

ስኖርክል የገጠሙ ብዙዎች የሚረሱት የአክስሎቹን መተንፈሻ ነው። ረጅም መንገድ የሄደ አክስል ይግላል፤ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዝና በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ወይም ውኃ ውስጥ ከገባ አክስሉ ውኃውን በማኅተሞቹ በኩል ይስባል። መተንፈሻውን በቀጭን የጎማ ቱቦ አስረዝሞ እስከ ሞተሩ ክፍል ማውጣት በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የዲፈረንሻሉን መሙያ ብሎን ፈትቶ ዘይቱን በጣት መንካት ይጠቅማል፤ ቀለሙ እንደ ማኪያቶ ነጣ ካለ ውኃ ገብቷልና በዚያው ሳምንት ይቀየራል።