ነጻ፣ በነጻ እና ክራክ

መገናኛ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር መጠገኛ ቤቶች ወደ አንዱ የሚንቀራፈፍ ላፕቶፕ ይዞ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ፎርማት ይደረግ?» ደንበኛው እሺ ካለ ከፍላሽ ላይ ዊንዶውስ ይጫናል፤ ኦፊስ ይከተላል። ለዲዛይነር ፎቶሾፕ፣ ለሂሳብ ሠራተኛ ፒችትሪ፣ ለመሐንዲስ አውቶካድ ይጨመራል። በመካከሉ አንቲቫይረሱ አደጋ አየሁ ብሎ ሲጮህ ባለሙያው ዝም ያሰኘዋል። እሱ ካልጠፋ የፕሮግራሙን የፈቃድ ቁልፍ የሚሰብረው ክራክ አይሠራማ! ከሰዓት በኋላ ደንበኛው በውጭ አገር ዋጋ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ፕሮግራም በቦርሳው ይዞ፣ የማስጫኛውን ከፍሎ፣ ወደ ቦሌ ወይም ወደ አያት በሚሄደው ታክሲ ይሳፈራል። ቤቱ ሲደርስ ፕሮግራሙን ከየት አመጣኸው ቢባል «በነጻ ነው» ይላል።

በነጻ ግን አይደለም። ለባለሙያው ከፍሏል፤ አንቲቫይረሱን አጥፍቷል፤ ነገ ፕሮግራሙ «ፈቃድህ ሐሰተኛ ነው» ብሎ ሲቆም ደግሞ ተመልሶ ይከፍላል።

በዚህ ጉዳይ አማርኛ ከእንግሊዝኛ የተሻለ ዕድል አለው። እንግሊዝኛ «ፍሪ» በሚል አንድ ቃል ያለ ዋጋ የሚሰጠውንም፣ ያልታሰረውንም ስለሚጠራ፣ አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴን ከጀመረ ወዲህ ልዩነቱን ሲያስረዳ ዕድሜውን ፈጅቷል። እኛ ዘንድ ልዩነቱ አንዲት «በ» ናት። «በነጻ» የሚገኝ ፕሮግራም ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ ባለቤቱ ግን ሐሳቡን የለወጠ ቀን ሊዘጋው ወይም ሊያስከፍልበት ይችላል። «ነጻ» ሶፍትዌር ደግሞ ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ይጠቀምበታል፣ ይገለብጠዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለጎረቤቱም ያድለዋል፤ ይህን ሁሉ ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል። ካንቫ በነጻ መጠቀም ይቻላል፤ ነጻ ግን አይደለም። ቪ.ኤል.ሲ. ሁለቱንም ነው። ክራክ የተደረገው ፎቶሾፕ አንዱንም አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ሁሉ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል።

ነጻ ሶፍትዌር ሲባል የሊቃውንት ነገር የሚመስለው ብዙ ነው። ያቺ ብርቱካናማ የትራፊክ ኮን ምልክት ያላት ቪ.ኤል.ሲ. ግን የአዲስ አበባ ሰው ፊልም ከፍላሽ ሲያይ የኖረባት ናት፤ የፓሪስ ተማሪዎች ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2001 በነጻ ፈቃድ የለቀቋት ናት። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ቴሌግራም ኮዱ ክፍት ነው። የአንድሮይድ ስልክ ሆድ ዕቃው ሊኑክስ ነው። ነገሩ ከቤትም ይሰፋል፤ ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ ሕንድ ባንጋሎር ውስጥ በተሠራ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን መረጃ የሚሰበስብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 መነሻው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን እሱም ነጻ ነው። መንግሥት አገር የሚያህል መዝገብ ያስቀመጠበትን ዓይነት ሶፍትዌር ሳሎን ውስጥ ለመሞከር መፍራት እንግዲህ የልማድ ጉዳይ ነው።

ልማዱን የሚፈታተን ቀን ግን መጥቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ማሽን ይመርጣል፤ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ከዱባይ እየመጣ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ በየሕንፃው ከሚሸጠው ላፕቶፕ ስንቱ አራተኛና አምስተኛ ትውልድ እንደሆነ ገዢም ሻጭም ያውቀዋል። ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ ኪቦርዱ አይነክስም፣ ባትሪውም ሁለት ሰዓት ይይዛል፤ ያረጀው የደኅንነት ማሻሻያው ነው። በዚያ ላይ ክራክ ሲጨመርበት በሩን ገርበብ አድርጎ መተኛት ይሆናል። «ስቶፕ» በሚል ስም የሚታወቀው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ በዋናነት የተሠራጨው በክራክ ውስጥ ተደብቆ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ በዚህ የተቆለፈበት ተማሪ ኦፊሱን በስንት ብር እንዳስጫነው ያን ጊዜ ይቆጥራል።

ሕጋዊውን ገዝቶ መገላገል አይቻልም ወይ? ለጥቂቶች ይቻላል። የአዶቤ ሙሉ ጥቅል በአሜሪካ ዋጋ በወር 60 ዶላር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከመወሰኑ በፊት በባንክ ምንዛሪ ከ3,400 ብር ብዙ አይርቅም ነበር። ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት መቶ ብር ሲያልፍ ያው ጥቅል ከ6,000 ብር በላይ ሆነ። ገንዘቡ ቢኖር እንኳ የተለመደው የብር ኤ.ቲ.ኤም. ካርድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ አይከፍልም። የሚቀረው ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ካርድ ነው፤ ዘመድ ደግሞ ለመድኃኒት እንጂ በየወሩ ለፎቶሾፕ አይለመንም።

ስለዚህ ሙከራው ከየት ይጀመር? ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በአንድ ቅዳሜ ሁሉን ነቅለው ሁሉን ሊተክሉ ይነሱና እሑድ ማታ ተመልሰው መገናኛ ይገኛሉ። ይበልጥ የሚያዋጣው ያለውን ዊንዶውስ ሳይነኩ አንድ ፕሮግራም ጎን ለጎን መጫን ነው፤ አንደኛው ተመራጭ ሊብሬኦፊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕን ኦፊስ ተገንጥሎ የወጣ ሲሆን የዎርድ፣ የኤክሴልና የፓወርፖይንት ፋይሎችን ይከፍታል። ማውረጃው 350 ሜጋባይት ገደማ ነው። ምናሌዎቹን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል፤ እርግጥ ዕድሜ ልኩን በእንግሊዝኛ ምናሌ የሠራ ሰው አማርኛው መጀመሪያ ግራ ያጋባዋል። ከዎርድ የመጣ ሠንጠረዥ አንዳንዴ ቦታውን ይስታል፤ ለመሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ በፒ.ዲ.ኤፍ. ቢላክ ይህ ጣጣ የለም።

የኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ አማርኛ ይጽፋል ወይ? ይህ ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው። ለዓመታት የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ላይ የሚጻፈው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ በመሳል ነበር። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ፋይሉ ሲከፈት ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ቦሌ የተጻፈ ማመልከቻ ሲ.ኤም.ሲ. ካለ ፎቶኮፒ ቤት ሲደርስ የማይነበብበት ምክንያት ይኸው ነበር፤ የቆዩ ፋይሎች ዛሬም ያስቸግራሉ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ አገኘ። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ሲገባ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ፊደላችን የራሱ ቤት ስላለው ለማሳየት ልዩ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም።

ለመጻፊያ ኪይማን አለ። ቀድሞ የሚሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስ.አይ.ኤል. የተባለው የቋንቋ ድርጅት ከገዛው በኋላ ነጻ ሆነ። በእነ ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተዘጋጁ የአማርኛና የሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ኪቦርዶች ይጫኑበታል። አጻጻፉ በድምፅ ነው፤ የ«ኤስ» ቁልፍ ብቻውን «ስ»ን ይሰጣል፣ «ኢ» ሲከተለው «ሰ» ይሆናል። በሌላ አጻጻፍ የለመደ ጣት ለጥቂት ቀናት መሳሳቱ አይቀርም። ፎንት ለሚመርጥ ደግሞ አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. እና የጉግል ኖቶ ኢትዮፒክ በነጻ ፈቃድ ይገኛሉ፤ አንዱ የብራና እጅ ያለው ይመስላል፣ ሌላው ለስክሪን የተላጨ ነው።

ዲዛይን ላይ ነገሩ ይከብዳል። የፎቶሾፕ አቻ የሚባለው ጊምፕ በካሊፎርኒያው በርክሌይ ሁለት ተማሪዎች ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሽማግሌ ነው፤ ፎቶ ማስተካከልና የፌስቡክ ፖስተር መሥራት ያለችግር ይችላል። የሠርግ ካርድ አሳትማለሁ የሚል ሰው ግን ማተሚያ ቤቱ የሚጠይቀው የኢሉስትሬተር ወይም የኮርልድሮው ፋይል ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ነጻ አቻ የሆነው ኢንክስኬፕ ፒ.ዲ.ኤፍ. ያወጣል፤ ማተሚያ ቤቱ ይቀበለው እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር መጠየቅ ነው። ለቪዲዮ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻ የሚሰጠው ስሪት ባለሙያዎች የሚመኩበት ነው፤ አራት ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ግን አይታሰብም።

ፒችትሪስ? እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ይሻላል። ባለቤቱ ኩባንያ ስሙን ሴጅ 50 ካለው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዲስ አበባ ግን አልሰማችም። የሥራ ማስታወቂያው «የፒችትሪ ችሎታ ያለው» ይላል፣ ማሠልጠኛውም ፒችትሪ ያስተምራል። ግኑካሽ ነጻ ነው፤ ዴቢትና ክሬዲቱን በሥርዓቱ ይይዛል፤ ለአንድ ሱቅ ወይም ለቤት ወጪ ከበቂ በላይ ነው። ሥራ ፈላጊ የሂሳብ ምሩቅ ግን ግኑካሽ አውቃለሁ ብሎ ቃለ መጠይቅ ቢገባ የሚረዳው ጠያቂ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ነጻ ሶፍትዌር ሁሉን ይተካል የሚሉ ሰዎች ይህን ሳይናገሩ ያልፋሉ።

ኮድ ለሚማሩት በተቃራኒው መንገዱ የተጠረገ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተማሪ የሚያስፈልጉት ፓይተንም ሆነ አንድሮይድ ስቱዲዮ ገንዘብ አይጠየቅባቸውም። ክራክ መፈለግ እዚያ ሰፈር ትርጉም የለውም።

ደፈር ላለው ሰው ሊኑክስ ራሱ ይቀራል። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ኡቡንቱን ሲጀምር ሲዲውን በፖስታ እስከ ደጅ ያለ ዋጋ ይልክ ነበር፤ ዛሬ ፖስታው ኢንተርኔት ነው። ለአሮጌ ላፕቶፕ የሚመከረው ሊኑክስ ሚንት ሦስት ጊጋ ገደማ ይመዝናል። በሞባይል ዳታ ያስመርራል፤ የሌሊት ጥቅል የሚገዛ አለ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ማኪያቶ ይዞ በዋይፋይ የሚያወርድም አለ። ፋይሉ ሩፈስ በተባለች ትንሽ ነጻ ፕሮግራም 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ይጻፋል፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤች.ፒ. ላይ ኤፍ 9 ተጭኖ ፍላሹ ይመረጣል።

መልካሙ ነገር ሚንት ከፍላሹ ላይ ሆኖ መሥራቱ ነው። ዊንዶውሱ እንደተቀመጠ ነው፤ «ጫን» እስካልተባለ ሃርድ ዲስኩ አይነካም። ዋይፋዩ ይያዛል? ድምፁ ይሰማል? ፕሪንተሩ ይታወቃል? ሁሉም በአንድ ምሽት ይታያል። ካላማረ ፍላሹን ነቅሎ ማጥፋት ነው። አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ከፎቶኮፒ ቤት በፍላሽ የሚመጣው ያ የታወቀው የሾርትከት ቫይረስ ለዊንዶውስ የተሠራ በመሆኑ ሊኑክስ ላይ አይነሣም። የተደበቁት ፋይሎች ወለል ብለው ይታያሉ፤ ቫይረሱን እንደ ማንኛውም ፋይል መርጦ መሰረዝ ይቻላል።

በርካሽ የሚሸጡትም አይዘንጉ። ድምፅ ለሚያቀናብር ሪፐር ለ60 ቀን ሙሉውን ያስሞክርና ለግለሰብ 60 ዶላር ይጠይቃል፤ የአዶቤ የቀድሞው የአንድ ወር ሒሳብ መሆኑ ነው። ዊንራር የ40 ቀን ሙከራው ካለቀ በኋላም እየለመነ መሥራቱን አያቆምም፤ ያ ልመና የሰለቸው ሴቨን ዚፕን ይጫን፣ እሱ ከመጀመሪያውም ነጻ ነው።

ማንኛውም ፕሮግራም ከሠሪው ከራሱ ድረ ገጽ ይውረድ፤ በቴሌግራም ቻናል «ሙሉ ስሪት» ተብሎ የሚታደል ነጻ ሶፍትዌር ካለ መጠርጠር ነው፤ ነጻው ነገር ጎዶሎ ስሪት የለውማ። ሊኑክስን ሊጭን የቆረጠ ደግሞ «ጫን» የሚለውን ከመንካቱ በፊት የቤተሰቡን ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፉን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጦ፣ ፋይሎቹ እዚያ መከፈታቸውን በዓይኑ ይይ።