ያለ ሽንኩርት ስለሚሠራ የቤከን ማርማላታ

ማርማላታ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ከብርቱካን ወይም ከእንጆሪ ተሠርቶ በዳቦ ላይ የሚቀባው ጣፋጭ ነገር ነው። በአሜሪካ አገር ግን በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ ምግብ አለ፤ ይኸውም በጨውና በጢስ ከተሰናዳ የአሳማ ሥጋ፥ ማለት ከቤከን፥ የሚሠራው ነው። ሥጋው ተከትፎ ስቡ እስኪወጣ ከተጠበሰ በኋላ ከሽንኩርት፥ ከስኳር፥ ከአቼቶና ብዙ ጊዜም ከቡና ጋር በዝግታ እየፈላ ጥቁር ቡናማ መልክ ያለው ወፍራም ማባያ ይሆናል። በዳቦ፥ በተቀቀለ ድንች ወይም በእንቁላል ይበላል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ከመካከላችን የአንዱ ሕመም ነው። ጓደኛችን ሽንኩርት በበላ ቁጥር ሆዱ እየተነፋ ይቸገራል። ስለዚህ ማርማላታውን ልንሠራ ስንነሣ፥ «ሽንኩርቱን ብትተዉት ምን ይጎድለዋል?» ሲል ጠየቀን። እኛም ምንም አይጎድለውም ብለን ሽንኩርቱን ብቻ ትተን ሠራነው። የተገኘውም ነገር ስቡ ለብቻው የተንሳፈፈ፥ ስኳሩ እንደ ከረሜላ የደረቀ፥ ሥጋውም እርስ በርሱ ያልተያያዘ ሆነ። ከዚህ በኋላ ጥያቄውን በቁም ነገር ያዝነው። መልሱን ስንፈልግም ካሰብነው የበለጠ ከባድ የሆነ ሌላ ስሕተት ልንሠራ ተቃርበን እንደ ነበር ተረዳን፤ እርሱን በመጨረሻው ክፍል እንገልጸዋለን።

ሽንኩርት የማይስማማው ማን ነው?

በቀይና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ፍሩክታን የሚባል የስኳር ሰንሰለት ይገኛል። የሰው አንጀት ይህን ሰንሰለት የሚፈታ ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ ፍሩክታን ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል። በአብዛኛው ሰው ላይ ይህ ጉዳት የለውም፤ አንጀቱ በቀላሉ የሚቈጣ ሰው ግን ይነፋል፥ ይቈረጣል። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለእንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ባዘጋጁት የአመጋገብ ሥርዓት ሽንኩርት በግንባር ቀደምትነት ከሚወገዱት ምግቦች አንዱ ነው።

አንዳንድ ሰው ሽንኩርቱን በትልልቁ ቈርጦ አብሮ ካፈላ በኋላ ለቅሞ ማውጣት ይበቃል ብሎ ያስብ ይሆናል። ይህ ግን አይጠቅምም፤ ፍሩክታን በስብ ባይሟሟም በውሃ ይሟሟልና ሽንኩርቱ ቢወጣም እርሱ በመረቁ ውስጥ ይቀራል። እንዲሁም በርበሬ ለመጨመር የሚፈልግ ሰው በአገራችን በርበሬ ሲደለዝ ነጭ ሽንኩርት፥ አልፎ አልፎም ቀይ ሽንኩርት እንደሚገባበት መርሳት የለበትም።

የሽንኩርት ሥራ

የወጥ ቁሌት ሲቁላላ ያየ ሰው ሁሉ የሽንኩርትን ሥራ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ለይቶ አልቈጠረው ይሆናል። እኛ በአራት ከፍለነዋል።

አንደኛው ውሃ ነው። ከመቶ እጅ ሽንኩርት 89 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። ይህም ውሃ ጥቂት በጥቂት እየወጣ ምግቡ እንዳያር ይከላከላል፤ በድስቱ ቂጥ የተጣበቀውንም ጣዕም ያለው ቅርፊት ያሟሟል። ቁሌት ያለ ዘይት በደረቁ ሊቁላላ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ስኳር ነው። ከመቶ እጅ ሽንኩርት 4 እጅ ያህሉ ስኳር ሲሆን፥ ከዚህም ብዙው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው። እነዚህ ከሥጋው አሚኖ አሲዶች ጋር በሙቀት ሲገናኙ ቡናማ ቀለምና የጥብስ ሽታ ይሰጣሉ። ይህን ለውጥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1912 ዓ.ም. ያስረዳው የፈረንሳይ ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር ስለ ነበረ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ተራው ስኳር፥ ማለት ሱክሮስ፥ በአቼቶና በሙቀት ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ካልተከፈለ በቀር በዚህ ለውጥ ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛው አካል ነው። የሽንኩርት ሕዋሳት ግድግዳ በፔክቲንና በጭረት የተሠራ ስለ ሆነ፥ በሙቀት ሲለሰልስ ስቡንና ሽሮፑን አንድ ላይ ይይዛቸዋል። በመጀመሪያው ሙከራችን ስቡ ለብቻው የተንሳፈፈው ይህ የሚያያይዝ አካል ስለ ጠፋ ነው።

አራተኛው ሽታ ነው። በሽንኩርት ውስጥ ያሉት ድኝ ያለባቸው ቅመሞች ሲበስሉ ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕም ይሰጣሉ።

ምትኩ

ከዚህ እንደምንረዳው አንድ ምትክ ብቻ መፈለግ ስሕተት ነው። ሥራዎቹን ለየብቻ ማከፋፈል ይገባል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሥራዎች ካሮት ይወጣቸዋል። ከመቶ እጅ ካሮት 88 እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ ስኳሩም ከ5 እጅ ጥቂት የሚያንስ ነው። በዚህ ረገድ ከሽንኩርት ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ ፍሩክታኑ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ፖም ቢጨመር ፔክቲኑ ብዙ ስለ ሆነ መልካም ሆኖ ሳለ፥ ፍሩክቶሱ እንደ ጓደኛችን ያለውን ሰው ሆድ ደግሞ ሊያውክ ስለሚችል ተውነው።

አራተኛውን ሥራ ለሰናፍጭ ሰጠነው። የሰናፍጭም ኀይል ድኝ ካለባቸው ቅመሞች የሚገኝ ነው። ነገር ግን ይህ ኀይል በፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም፤ ፍሬው ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ ሲታሸ በኢንዛይም አማካይነት ይፈጠራል። ሙቀት ወይም አቼቶ ቀድሞ ካገኘው ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል። ከተፈጠረም በኋላ በሙቀት በንኖ ይጠፋል። ስለዚህ ሰናፍጩ በቀዝቃዛ ውሃ ተለውሶ 10 ደቂቃ ከቈየ በኋላ፥ ድስቱ ሊወጣ ሲል መጨመር አለበት። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ሰናፍጭ ነጭ ሽንኩርት ሊኖርበት ስለሚችል ፍሬውን መፍጨት ይሻላል። ሥጋ ሥጋ የሚለውን ጣዕም ለማጠንከር ደግሞ ጥቂት የቲማቲም ድልህ ይበቃል።

አሠራር

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ቤከን 500 ግራም፤ በደቃቁ የተፈቀፈቀ ካሮት 250 ግራም፤ ቡናማ ስኳር 60 ግራም፤ አቼቶ 60 ሚሊ ሊትር፤ ወፍራም የአቦል ቡና 120 ሚሊ ሊትር፥ ማለት ሁለት ስኒ ያህል፤ የቲማቲም ድልህ አንድ የሾርባ ማንኪያ፤ የተፈጨ ሰናፍጭ አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ቁንዶ በርበሬና ጦስኝ ጥቂት። ቤከኑ ራሱ ጨው ያለበት ስለ ሆነ ጨው አይጨመርም።

ቤከኑን በጣት ጥፍር ልክ ቈርጦ በቀዝቃዛ ድስት ውስጥ ማድረግና በቀስታ እሳት 20 ደቂቃ ያህል ማብሰል ነው። ከቀዝቃዛ ድስት የምንጀምረው ሥጋው ሳያር ስቡ እንዲቀልጥ ነው። ስቡ ሲወጣ ሥጋውን በወንፊት አውጥቶ፥ በድስቱ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስብ ብቻ ማስቀረት ይገባል።

በዚህ ስብ ካሮቱን እያማሰሉ ውሃው እስኪመጥና ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ድረስ 15 ደቂቃ ያህል ማቁላላት ነው። ይህ ደረጃ መቸኰል የለበትም። ውሃ በድስቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ አያልፍም፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ የማያር ለውጥ እጅግ አዝጋሚ ነው። ስለዚህ ቡናማው መልክ መገኘት ያለበት ፈሳሹ ከመግባቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ድልሁን ጨምሮ አንድ ደቂቃ ማማሰል፥ ቀጥሎም ስኳሩን፥ አቼቶውንና ቡናውን ጨምሮ የድስቱን ቂጥ በእንጨት ማማሰያ መፋቅ ነው።

ሥጋውን መልሶ ጦስኙንና ቁንዶ በርበሬውን ጨምሮ በዝግታ 40 ደቂቃ ያህል ማፍላት ይገባል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ስለ ሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በቈላ አገር ከሚወስደው ጊዜ የበለጠ ቢወስድ አያስደንቅም። ማማሰያው በድስቱ ቂጥ ሲያልፍ መንገዱ ወዲያው ካልተከደነ በስሏል ማለት ነው። በመጨረሻም ሰናፍጩን ጨምሮ ማውጣት ነው። ቤከን ሲበስል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስለሚያጣ የሚገኘው ማርማላታ ጥቂት መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ከእኛ መካከል ብዙዎቹ የአሳማ ሥጋ አይበሉም። ስለዚህ ሁለተኛውን ድስት ስብ ባለበት የበሬ ፍሪምባ ሠራነው። ፍሪምባው ጥሬ ስለ ሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ተጨምሮበት፥ እስኪለሰልስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከበሰለ በኋላ የቀረው ሥራ አንድ ዓይነት ነው። የጢስ ጣዕም ስለሌለው ቤከን ነው አንልም፤ ማባያነቱ ግን አልተነቀፈም።

ስለ አቀማመጡ

ከዚህ በላይ የጠቀስነው ሌላው ስሕተት ይህ ነው። ማርማላታው ካማረልን በኋላ፥ ለገና በዓል ወደ ቤተ ሰቡ ለሚሄድ ጓደኛችን በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ሞልተን፥ አየር እንዳይገባ በላዩ የቀለጠ ስብ አፍስሰን አሽገንለት ነበር። መንገዱ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጃል። በቤቱም ማቀዝቀዣ የለም። ማርማላታ ነውና አይበላሽም ብለን ነበር ያሰብነው። ጠርሙሱ ከመነሣቱ በፊት አንድ ጓደኛችን ስለ አቀማመጡ ሲያነብ ነገሩን ደረሰበትና አስቀረነው።

የፍራፍሬ ማርማላታ ሳይበላሽ የሚቈየው ስሙ ማርማላታ ስለ ሆነ አይደለም። ከመቶው 60 እጅ የሚበልጠው ስኳር ስለ ሆነና አሲዱም ብርቱ ስለ ሆነ ነው፤ ፒኤቹ ወደ 3 ይጠጋል። የቤከን ማርማላታ ስኳሩ ጥቂት ነው። አሲዱም በሥጋውና በስቡ ውስጥ እኩል አይሰርጽም። ቤከኑን ሲጠብቁት የነበሩት ጨውና ናይትራይት ከሌሎቹ ነገሮች ጋር ተቀላቅለው ስለ ሳሱ አይታመኑም። ቋንጣ በቤታችን ጣሪያ ተሰቅሎ ብዙ ጊዜ የሚቈየው ደግሞ ቀይ ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፥ በጨው ታሽቶ፥ ውሃው እስኪያልቅ ስለሚደርቅ ነው። የእኛ ማርማላታ ግን እርጥብ ነው።

እንዲህ ባለው ስፍራ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ ሊበቅል ይችላል። ይህ ባክቴሪያ አየር የሌለበትን ቦታና ፒኤቹ ከ4.6 በላይ የሆነ ምግብን ይወዳል። እኛ በላዩ ያፈሰስነው ስብም አየሩን በመከልከል የሚያገለግለው እርሱን ነበር። ስፖሩ በሚፈላ ውሃ አይሞትም፤ የሥጋ ፋብሪካዎች 121 ዲግሪ በሚደርስ የእንፋሎት ግፊት የሚያሽጉት ስለዚህ ነው። ውሃ በ92 ዲግሪ በሚፈላበት ከተማ ጠርሙስ ቀቅሎ ማሸግ ደግሞ ይበልጥ ከንቱ ነው።

ነገሩ የቃል ማስፈራሪያ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. በቤልጅየም አገር ኤልዜል በተባለች መንደር በቀብር ላይ ሙዚቃ የተጫወቱ ሰዎች በጨው የተሰናዳ የአሳማ ሥጋ በልተው ታመሙ፤ ሦስቱም ሞቱ። ኤሚል ቫን ኤርመንገም የተባለው ሊቅ ባክቴሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ከዚህ ሥጋ ነው። መርዙ ዓይንን ያደበዝዛል፥ መዋጥን ይከለክላል፥ በመጨረሻም የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ያዝላል። የምግቡ መልክና ሽታ ግን ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ በአፍንጫ መፈተን አይበቃም።

እንግዲህ ደንቡ አጭር ነው። ማርማላታውን በዝርግ ሳሕን አስፍቶ ቶሎ ማብረድ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ ማስገባት፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ መጨረስ ነው። የሚተርፈውን በጥቂት በጥቂቱ ከፍሎ በበረዶ ቤት ማስቀመጥ ይቻላል። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ለብዙ ሰዓት ከሞቀ ግን ማዘን ሳያስፈልግ መጣል ነው። ለሩቅ አገር መንገደኛ ስንቅ መሆን አይችልም።

ከዚህ ሥራ የተማርነው፥ አንድን ነገር ከምግብ ውስጥ ከማውጣት በፊት ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበር መጠየቅ እንደሚገባ ነው። ሽንኩርቱን በካሮትና በሰናፍጭ ለመተካት የቻልነው ሥራውን ስለ ቈጠርን ነው። ስኳሩንና አሲዱን ግን ሳንቈጥር በስሙ ብቻ ተማምነን ነበር። ጓደኛችን አሁን ማርማላታውን ሆዱ ሳይነፋ ይበላል። መንገደኛውም ለገና ወደ ቤቱ የሄደው ቋንጣ ይዞ ነው።